ገላጣው

ሄመን በየማለዳው ትዋኝ ነበር። ደስ ስለሚላት ብቻ አይደለም፤ ሥራዋ ነበር። የነጋድራስ ዘለቀን ግቢ ጥቁር የድንጋይ ደረጃ ቁልቁል ወርዳ፣ አጥንት ዘልቆ በሚገባው ውኃ ውስጥ ትጠልቅና በበርሜል ላይ የተንሳፈፈውን የብረት አጥር ጥግ ጥጉን ትዞረዋለች። መረቡ ተቀዶ እንደሆነ በእጇ እየዳበሰች ታያለች። በቀዳዳ ሾልኮ የገባ የእምቦጭ ቅጠል ስታገኝ ነቅላ ወገቧ ላይ ባንጠለጠለችው ከረጢት ትከታለች። አንዲት ቅጠል ካመለጠቻት በሳምንቱ አልጋ ታህላለች፤ በወሩ ቤት ታህላለች። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ቀና ብሎ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ቢያይ ይበቃዋል።

ከአጥሩ ወዲያ ምንጣፉ ነው። ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ በጣና ላይ የተነጠፈው አረንጓዴ ሜዳ በመንግሥት ወረቀት ላይ ሌላ ስም አለው፤ ሰው ግን ምንጣፉ ይለዋል። እምቦጭ በእምቦጭ ላይ እየበቀለ፣ የታችኛው እየበሰበሰ፣ ነፋስ አፈር እያመጣ ሲደርብበት ኖሮ፣ ሄመን ልጅ ሳለች ድመት የማይሸከመው ዛሬ ባጃጅ ይሸከማል። በቆሎ ይዘራበታል፤ ፍየል ይሰማራበታል። እርሻቸውን እምቦጩ የበላባቸው የፎገራና የደንቢያ ገበሬዎች ልጆች መሬታቸውን ተከትለው ወጥተውበት ሠፍረዋል። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሜዳው እንደ ተኛ ሰው ሆድ ከፍ ዝቅ ይላል። የለመደው ሰው ልብም አይለው።

በመላው ሐይቅ ክፍት የቀረው በግቢው አጥር የተከለለው ውኃ ብቻ ነበር። ሁለት የእግር ኳስ ሜዳ ቢያክል ነው። ስሙ ገላጣው ነው።

ግቢውን የሠሩት ነጋድራስ ዘለቀ ቡናና እህል በጀልባ ከዳር ዳር ሲያመላልሱ የኖሩ ነጋዴ ነበሩ። ሰገነት ያለው የድንጋይ ቤት አቆሙ። ከቤቱ እስከ ውኃው ሎሚ፣ ትርንጎ፣ ሮማንና ጽጌረዳ አስተከሉ። በመጨረሻ ጀልባ የሚቆምበትን ደረጃ አስጠረቡ። ዘመዶቻቸው ካለቁ በኋላ አንድ ማኅበር ተቋቁሞ ግቢውን በአደራ ያዘው፤ ለሕዝብም ከፈተው። ድሮ ጎብኚ የሚመጣው ለቤቱና ለአትክልቱ ነበር። የነጋድራስን አልጋ አይቶ፣ ትርንጎ አሽትቶ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ እግሩን ያሳርፋል። ውኃው ያኔ የትም ነበር፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ዛሬ አልጋውን በሩጫ ያልፉታል። አስጎብኚው ስለ ሰገነቱ ቅርጽ ሲተርክ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ ያሰግጋሉ፤ «ውኃው በየት በኩል ነው?» ይላሉ።

ደረጃው ላይ ሲደርሱ ሄመን ትቀበላቸዋለች። ውኃ መንካት፣ ድንጋይ መወርወር፣ ሳንቲም መጣል ክልክል መሆኑን ትነግራቸዋለች። እኩለ ቀን ላይ የሞገድ ሰዓት ነው። በትንሿ ጀልባ ገላጣውን ትዞራለች፤ ከጀልባዋ ኋላ የተነሣው ሞገድ መጥቶ ደረጃውን ጧ ጧ ሲያደርገው ተማሪዎች ያጨበጭባሉ። አንዳንድ ሽማግሌ ፊቱን አዙሮ በነጠላው ጫፍ ዓይኑን ያብሳል። አብዛኛው ጎልማሳ ግን «ይሸታል» ይላል። አንድ ጊዜ አንዲት ሕፃን ሞገዱ ሲበርድ አይታ «ማን አጠፋው?» ብላ ጠይቃታለች።

የግቢው ኃላፊ አቶ ኪሩቤል ነበሩ። በወጣትነታቸው መጥተው እዚያው ያረጁ፣ ሚስት ያላገቡ፣ ሠራተኛው በሐሜት «ግቢውን ያገቡ» የሚላቸው ሰው ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። የሎሚው ቅጠል ቢጫ ከሆነ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ዓይነት ሰው ናቸው። ሄመንን ገና ልጃገረድ ሳለች የቀጠሯት እርሳቸው ናቸው፤ «መዋኘት የሚችል ሰው ከአሁን በኋላ አይገኝም» ብለው። እውነታቸውን ነበር። ሄመን አሁን ሃምሳዎቹን አጋምሳለች፤ ከርሷ በታች በዚያ አገር የሚዋኝ ሰው የለም። የት ይማረዋል?

ከአጥሩ ጋር ተጣብቆ ምንጣፉ ላይ የተሠራው ሠፈር ጥግ ሠፈር ይባላል። ቤቶቹ ከሸምበቆና ከሸራ የተሠሩ ናቸው፤ ሰዎቹ እምቦጩን አድርቀው ጠፍጥፈው ከሰል አድርገው ይሸጣሉ። ገላጣውን በመረቡ ቀዳዳ ሲያዩት ይውላሉ እንጂ በበሩ ዞሮ እንደ ጎብኚ የገባ አንድም ሰው አልነበረም። ከሁሉም ሄመንን የምታበሳጫት አትጠገብ የምትባል ትከሻ ሰፊ ባለ ፍየል ነበረች። ቤቷ ከመረቡ አንድ እርምጃ ቢርቅ ነው። ሁለቱ በመረቡ ወዲህና ወዲያ ሆነው ያልተጣሉበት ሳምንት የለም።

«አትጠገብ፣ እጣቢሽን ወደዚህ አትድፊ አላልኩሽም?» ትላታለች ሄመን፣ ከአንገቷ በታች ውኃ ውስጥ ሆና።

«ታዲያ ወዴት ልድፋው? ቤቴ ውስጥ?»

«ይኼ እኮ የሕዝብ ነው። ሰው ከየአገሩ እየመጣ የሚያየው ነው።»

«እኔስ? ሕዝብ አይደለሁም?»

«ፍየልሽም ትናንት በአጥሩ ላይ ተሻግራ የነጋድራስን ጽጌረዳ ግጣው ሄደች።»

«ነጋድራስ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው! አልተቆጡም።»

ሄመን ሳቋ ይመጣና ላለመሳቅ ፊቷን ውኃ ውስጥ ነክራ ትሄዳለች። ቢሮ ስትደርስ ግን ለአቶ ኪሩቤል ስሞታዋን ታቀርባለች፤ እርሳቸውም «ታገሺ ልጄ፣ እስከ ሰኔ ነው» ይሏታል። በሰኔ ከውጭ አገር መርማሪዎች መጥተው ገላጣውን በዓለም ቅርስነት ሊመዘግቡት ነበር። ከተመዘገበ አጥሩ ይጠነክራል፤ ጥግ ሠፈርም ወደ ኋላ እንዲርቅ ይደረጋል። አቶ ኪሩቤል ለዚህ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደጅ ጠንተዋል።

ነገሩ የሆነው በግንቦት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ግቢው ውስጥ ሠርግ ነበር። ሙሽሮች ፎቶ የሚነሡት ደረጃው ላይ ስለሆነ እሑድ እሑድ ወረፋ ነው። ያን ቀን የመጡት ከደብረ ታቦር ነበሩ፤ ሙሽራዋ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆማለች፤ ሚዜዎቹ ከኋላ ተደርድረዋል። ፎቶ አንሺው «ውኃው ይታይ፣ ውኃው ይታይ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ» እያለ ይጨነቃል። አቶ ኪሩቤል ለማኅበሩ ስብሰባ ከተማ ሄደዋል። የአየር ትንበያው ነፋሱ ከምሽት በፊት አይመጣም ብሎ ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው፤ ከሰሜን በኩል፣ ወፍራም ሸማ የሚተረተር የሚመስል። ሄመን ቀና ስትል ሰማዩ ጠቁሯል። ከሩቅ ያለው ምንጣፍ ደግሞ የሚሄድ መሰላት። መስሏት ብቻ አልነበረም፤ እየሄደ ነበር። ነፋሱ ከመካከል ገምሶት ሜዳው በሙሉ ከነበቆሎው ወደ ደቡብ እየተገፋ ነው። ከዚያ ሁሉ ሜዳና ከብረቱ አጥር መካከል ያለው ጥግ ሠፈር ነው።

ወዲያው ተጨናነቀ። የሠፈሩ መሬት አጥሩ ጋ ሲደርስ መሄጃ አጣና እንደ ጋቢ ይታጠፍ ጀመር። በየቤቱ ደጅ ውኃ ፊን እያለ ወጣ። አንድ ቤት ጎኑን ወደ ሰማይ አንጋጠጠና በእርጋታ፣ የሚቀመጥ ሰው እንደሚቀመጥ፣ ወደ እጥፉ ውስጥ ገባ። ሴቶች ጮኹ። የአጥሩ ሰንሰለቶች እንደ ክራር ጅማት ተወጥረው ይንጫጩ ነበር፤ አጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

ሄመን ጆሮዋ ላይ የተሰካውን ስልክ ነካ አድርጋ ኃላፊዋን ጠራች።

«ጋሽ ኪሩቤል፣ ምንጣፉ መጣብን። ጥግ ሠፈር እየታጠፈ ነው።»

«አጥሩስ?»

«አጥሩ ይዟል። ችግሩም እሱ ነው። አጥሩ ስለያዘ ነው የሚጨፈለቁት።»

 የስብሰባው ሰው ሲሳሳቅ ከኋላቸው ይሰማታል።

«በአጥሩ ላይ እየተራመዱ ይውጡ» አሉ። «ሠርገኞቹ ይርዱሽ። ሰውን አውጪ።»

«የማይራመድ አለ። አያ ሙጬ አልጋ ላይ ናቸው። አራስ አለች። ደግሞ አጥሩ ላይ ነፋሱ ሰው አያስቆምም።»

«ሄመን፣ ስሚኝ። ነፋስ ያልፋል። ሁልጊዜም አልፏል። በሩ ከተከፈተ ግን አይዘጋም። አንቺ ከኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ፤ አይዘጋም።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው አትክፈቺ።»

ሄመን ጆሮዋን ነካ አድርጋ ዘጋችው። በዚያች ቅጽበት ያሰበችው ስለ አራሷም ስለ ሽማግሌውም አልነበረም። «ነገ ጠዋት የት ልዋኝ ነው?» ብላ ነው ያሰበችው። ሐሳቡ እንደ ባዕድ ሰው ድምፅ አስደነገጣት። ጫማዋን አውልቃ ወደ ሚዜዎቹ ዞረች።

«ኑ! ልብሳችሁን ተዉት፣ ኑ!»

አጥሩ በጥግ ሠፈር በኩል አንድ በር ነበረው፤ ድሮ የአረም ጀልባ የሚወጣበት ነው። ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል። የበሩን ገመድ የሚስበው መዘውር ደረጃው አጠገብ ነው። ሚዜዎቹ ካፖርታቸውን ጥለው ተንጠለጠሉበት፤ ሙሽራውም ካባውን አውልቆ ገባበት። መዘውሩ አንድ ጊዜ ተንቋቋና ቆመ። በሩ ላይ ያለው መቀርቀሪያ ዝጓል፤ የምንጣፉ ክብደትም ተጭኖታል።

«በቃ ያዙት፤ ስትሰሙኝ ሳቡ» አለችና ከነደንብ ልብሷ ዘላ ገባች።

ውኃው ያን ቀን ሌላ ውኃ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ሞገድን የምታውቀው ራሷ በጀልባ አስነሥታው ነው። አሁን የመጣው ማንም ያላስነሣው ነው፤ ፊቷን በጥፊ ይላታል፤ አፏ ይገባል፤ ከፍ አድርጎ ሠፈሩን አሳይቷት መልሶ ይጥላታል። ከፍ ባደረጋት ቁጥር የሚታያት ከቀድሞው ያነሰ ቤት ነበር። በሩ ጋ ስትደርስ ብረቱን ታቅፋ ያዘችና መቀርቀሪያውን በሁለት እጇ ገፋችው። ንቅንቅ የለም። በእግሯ ረገጠችው። ንቅንቅ የለም።

«ምን ሆነብሽ?» የሚል ድምፅ ሰማች። አትጠገብ ነበረች። ከመረቡ ወዲያ በተጠማዘዘው መሬት ላይ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ፀጉሯ ተበትኖ፣ በአንድ እጇ መረቡን ጨብጣለች።

«ዝጓል! አልንቀሳቀስ አለኝ!»

«ቆይ!» አለች አትጠገብ። ጠፍታ ተመለሰች። የከሰል መፍለጫ መጥረቢያዋን በአጥሩ ላይ አሻግራ ሰጠቻት። «በጀርባው! በስለቱ እንዳትመችው፣ በጀርባው!»

ሄመን መታችው። ስትመታው ራሷ ወደ ኋላ ትሄዳለች፤ ውኃ ላይ ሆኖ መምታት ትራስ መምታት ነው። አትጠገብ ክንዷን እስከ ብብቷ በመረቡ ቀዳዳ አስገብታ የሄመንን የደንብ ልብስ ኮሌታ ጨመደደች፤ እንዳትርቅ ያዘቻት። እንደዚያ ተያይዘው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ስትመታው መቀርቀሪያው ጥይት እንደተተኮሰ ጮኾ ወጣ።

«ልቀቂኝ!» አለች ሄመን። «ሳቡ!»

በሩ ተከፈተ፤ አጥሩም ከበሩ ጀምሮ ግራና ቀኝ ተገነጠለ። ምንጣፉ ሲገባ ማንም እንደጠበቀው አልተወረወረም። ከብት ወደ በረት እንደሚገባ እየተጋፋ፣ እየተነፈሰ፣ በእርጋታ ገባ። ከነአጥሩ፣ ከነበቆሎው፣ ከነቤቱ። ሄመን ወደ ደረጃው ትዋኛለች፤ አረንጓዴው ይከተላታል። ከመካከል ስትደርስ ነፍሷ ልትወጣ ነበር፤ ዞር ስትል የአትጠገብ ቤት በር ከኋላዋ እየመጣ ነው። ፈቃዷን ሳይሆን ልማዷን ተከትሎ እጇ ወደ ፊት ሄደ፤ እንደገና ሄደ። የመጀመሪያው ሚዜ ደረጃው ላይ በደረቱ ተኝቶ የእጇን አንጓ ያዛት። እግሯ ከውኃ እንደወጣ የምንጣፉ ጫፍ ደረጃውን ነካና ቆመ።

የቀረው ውኃ በደረጃዎቹ መካከል ተንቦጫረቀ። ጥቂት ዓሦች ድንጋዩ ላይ ተፈናጠሩ። ከዚያ ገላጣው አልነበረም።

ነፋሱ እስኪበርድ ሰው ተሯሯጠ። ሚዜዎቹ አያ ሙጬን ከነአልጋቸው ተሸክመው በሎሚዎቹ መካከል አወጧቸው፤ እግራቸው ተሰብሮ ነበር። ሙሽራዋ የአራሷን ሕፃን በሙሽራ ልብሷ አቅፋ ሰገነቱ ሥር ተቀመጠች። አራት ቤትና ብዙ ፍየል ወደ እጥፉ ገብቶ ቀርቷል። ሰው አልሞተም። ፎቶ አንሺው ወደ ካሜራው መለስ ብሎ ያነሣውን ሲያይ፣ ከሙሽሮቹ ኋላ ውኃ የሚታይበት አንድ ፎቶ ብቻ አገኘ፤ በእሱም ላይ ሙሽራው ዓይኑን ጨፍኗል።

አቶ ኪሩቤል የደረሱት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። በአትክልቱ መካከል ሲመጡ የጥግ ሠፈር ልጆች የሮማኑ ሥር ተቀምጠው ዳቦ እየበሉ ነበር። እርሳቸውም አልፈዋቸው ደረጃው ላይ ቆሙ። ሄመን ብርድ ልብስ ተከናንባ እዚያው ነበረች፤ ለመነሣት ስትል በእጃቸው ተቀመጪ አሏት።  ከዚያ ወርደው አንድ እግራቸውን በአረንጓዴው ላይ አኖሩ፤ ሰመጥ ብሎ ተሸከማቸው። መለሱት።

«ስንት ሰው ነበር?» አሉ።

«ሁለት መቶ ይሆናሉ።»

«ሁለት መቶ» አሉና አጠገቧ ተቀመጡ። «እኔ ብሆን አልከፍተውም ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ጋሽዬ።»

«ነፋሱ ያልፋል ብዬ እጠብቅ ነበር። እስከ መጨረሻው እጠብቅ ነበር» አሉ፤ ድምፃቸው አልተለወጠም። «መኪና ውስጥ ከገባሁ ጀምሮ እረፍት የነሣኝ እሱ ነው።»

ሄመን የብርድ ልብሱን ግማሽ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው። አልከለከሏትም።

ከዚያ በኋላ ያለው የቢሮ ነገር ነው። ማኅበሩ ተሰበሰበ። የሚቆጣም የሚያዝንም ነበር። ሄመንን ከሥራ የማባረር ሐሳብ ተነሥቶ፣ አቶ ኪሩቤል «እንግዲያው ሁለታችንን» ስላሉ ቀረ። ይሁን እንጂ ውኃ ስለሌለ የውኃ ጠባቂነት መደቡ ተሠረዘ፤ ወደ አትክልት ክፍል ተዛወረች። መርማሪዎቹ እንደማይመጡ አስታወቁ። አረሙን ቆርጦ ለማውጣት ተሞከረ፤ በቀን የተቆረጠው በማግሥቱ ይገጥማል፤ በላዩ ላይ ደግሞ ሰው ይኖርበታል። ጥግ ሠፈር ወደነበረበት ይመለስ የሚል ትእዛዝ ተለጠፈ። አያ ሙጬ እግራቸው በጀሶ እንደታሰረ አስነብበው ሰሙትና «ነፋሱን አዝዙልን፤ እኛ ዝግጁ ነን» አሉ።

ጎብኚው ቀነሰ። የመጣውም ደረጃው ላይ ቆሞ «ውኃው የታለ?» ይላል። ሄመን ሮማን እየገረዘች ትሰማለች። አንዳንዱ ገንዘቡን ይመለስልኝ ብሎ ይጨቃጨቃል። አንዳንዱ ጥግ ሠፈርን አይቶ «እነዚህ ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል፤ አስጎብኚው ስለ ሰገነቱ ማውራት ይጀምራል።

እርሷን ያስቸገራት ሰውነቷ ነው። ትከሻዋ ከውስጥ ይበላታል። ሌሊቱ ሲነጋጋ ትነቃና ወደ ደረጃው ትወርዳለች፤ ትቆማለች፤ ትመለሳለች። ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሲያካፋ አንድ ማለዳ እንዲሁ ቆማ ሳለች አትጠገብ ከደጇ ብቅ አለች። ቤቷ አሁን ከመጨረሻው ደረጃ አጠገብ ነው።

«ምነው ጠዋት ጠዋት እንደ ሐዘንተኛ ትገተሪያለሽ?» አለቻት። «ልጄ ፈርታሽ ከቤት አልወጣም አለች።»

«ይቅርታ። መዋኘት ለምዶብኝ ነው።»

አትጠገብ ሳቀች። የሳቀችው በሷ አልነበረም። «ለዚህ ነው? ታዲያ አትናገሪም? ግቢ!»

ቤቷ አንድ ክፍል ነው። አልጋው ሥር ያለውን ጣውላ በእግሯ ገፋ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ አነሣችው። ከሥሩ ጥቁር ውኃ ነበር። የመስኮት ያህል ይሆናል፤ ዙሪያው እንዳይፈርስ በሸምበቆ ተጠፍሮ፣ አንድ የዓሣ ገመድ ታስሮበታል።

ሄመን በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። «ይኼ ምንድነው?»

«ውኃ ነዋ። ምን ይመስልሻል? የምንጠጣው ከየት ነው?»

«ሁላችሁም ቤት አለ?»

«ሰው ያለ ውኃ ይኖራል እንዴ? ግን ምንጣፉን መብሳት ክልክል ነው ተብሎ የለ፤ ለእናንተ ለግቢ ሰዎች አይነገርም» አለችና ጣውላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። «ልጅ እንዳይገባበት ነው የምከድነው። ነይ እንጂ።»

ሄመን በጉልበቷ ተንበርክካ እጇን እስከ ትከሻዋ ነከረችው። ከዚያ ጫማዋን አወለቀች።

በሳምንቱ አቶ ኪሩቤል መጡ። በሩ ላይ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ገቡ። ጉድጓዱን ለጎብኚ ሊያሳዩት አስበዋል፤ ልካቸውን ጠብቀው በብዙ አክብሮት ተናገሩ። አትጠገብን ከዚያ ቀን በፊት «አንቺ» ነበር የሚሏት።

«ወይዘሮ አትጠገብ፣ ሰው እየመጣ ቢያየው ይፈቅዳሉ? ሕጉን በተመለከተ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።»

«ጫማቸውን ያውልቁ። ልጄ ስትተኛ አይምጡ።»

«ውኃ መንካት እንግዲህ...»

«ይንኩት። ምን ያደርገዋል?»

አቶ ኪሩቤል ራሳቸውን ነቀነቁና ከኪሳቸው ሜትር አወጡ። በር ላይ ለሚሰቀለው ጽሑፍ ነው። ሄመን ጉድጓዱ ውስጥ ነበረች፤ ሁለት ክንዶቿን በሸምበቆው ጠርዝ ላይ አሳርፋ፣ እስከ ደረቷ። እርሳቸው ሜትሩን ዘርግተው ከየትኛው ጫፍ እንደሚጀምሩ ሲያማርጡ ቆዩና ጎንበስ አሉ።

«ስፋቱ ምን ያህል ነው ልበል?»

ሄመን እግሮቿን ወደ ኋላ ዘረጋች። ከምንጣፉ ሥር፣ ከቤቱ ሥር፣ ከፍየሎቹ ሥር ቀዝቃዛው ውኃ ቁርጭምጭሚቷን እየነካ ያልፋል። የሚይዛት ነገር አልነበረም።

«እስከ ጎርጎራ ድረስ ነው፣ ጋሽዬ» አለቻቸው።